ከዜሮው በፊት ጥያቄው፦ ሱፐርኮንዳክቲቪቲን ለጀማሪ ተማሪ ስለማስተማር

(ለፊዚክስ መምህራን የተደረገ ንግግር በጽሑፍ)

እንደምን አመሻችሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ የጠየቀችኝ ነው። የኦምን ሕግ ጨርሰን አምስት ደቂቃ ቀርቶን ነበር። «አንዳንድ ብረቶች በጣም ሲቀዘቅዙ ሬዚስታንሳቸው፣ ማለትም ከረንትን የሚያደናቅፉበት ልክ፣ ዜሮ ይሆናል፤ ሱፐርኮንዳክተር ይባላሉ» አልኩና ቦርዱን ማጥፋት ጀመርኩ። ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ከረንት ማለት ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነው ብለውናል። ለዜሮ ማካፈል ደግሞ አይቻልም። ታዲያ ከረንቱ ስንት ነው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሚቀጥለው እንመለስበታለን» ብዬ ወጣሁ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግን ወደ ካፓሲተር ሄድን። አልተመለስኩበትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መልሱ እኮ ቅርብ ነበር። በሱፐርኮንዳክተር ሽቦ ላይ ቮልቴጁም ዜሮ ነው። ዜሮ እኩል ይሆናል ከረንት ሲባዛ በዜሮ። ከረንቱ አንድ አምፒር ቢሆንም መቶ ቢሆንም ሕጉ አይጣስም። ስለዚህ የኦም ሕግ ስለ ከረንቱ የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን የሽቦው ታሪክ ነው። መጀመሪያ ስንት ተለቀቀበት? ያው ይዞራል። በሆስፒታል ያለው የኤምአርአይ ማሽን እንዲህ ነው የሚሠራው። የኒዮቢየምና ቲታኒየም ቅይጥ ሽቦው በፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዛል፣ ከረንት ይሞላል፣ ከዚያ የኃይል ምንጩ ይነቀላል። ከረንቱ ለዓመታት ይዞራል። ገደብ ግን አለው። ከረንቱ ከልክ ካለፈ ሽቦው ወደ ተራ ብረትነት ይመለሳል።

ይህን ለዚያች ልጅ ብነግራት ኖሮ ሁለተኛ ጥያቄ ትጠይቀኝ ነበር። ሦስተኛም። ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው ይህን ነው። «ዜሮ ሬዚስታንስ» ብለን ጀምረን እዚያው ስለምንጨርስ፣ ተማሪው የሚጠይቀው ነገር ያጣል። ቲዎሪውን ደግሞ «የማስተርስ ነገር ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሙሉ ሒሳቡ ከባድ ነው፣ እውነት ነው። ሐሳቡ ግን ስፕሪንግ፣ የፋራዴይን ሕግና ካልኩለስ አንድን ለተማረ ልጅ አይርቅም። ጥያቄዎቹ በተነሡበት ቅደም ተከተል ካነሣንለት ራሱ ይደርስበታል።

ከ1911 ልነሣ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ቦታው ኔዘርላንድስ፣ ላይደን ከተማ ነው። ሃይከ ካመርሊንግ ኦነስ ከሦስት ዓመት በፊት ሂሊየምን ፈሳሽ ማድረግ ችሏል። ፈሳሽ ሂሊየም የሚፈላው በ4.2 ኬልቪን ነው፤ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም። ያን ጊዜ ይህን ያህል ማቀዝቀዝ የሚችል ሌላ ላቦራቶሪ በዓለም አልነበረም። ጥያቄውም ክፍት ነበር። ብረት ወደዚያ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ ቆሜ ክፍሉን ድምፅ አሰጣለሁ። በዘመኑ የነበሩትን ሦስት ግምቶች ቦርዱ ላይ እሥላቸዋለሁ። አንደኛው፣ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው በረዶ ሆነው ከአተሞቻቸው ጋር ይጣበቃሉ፣ ሬዚስታንሱ ሽቅብ ይወጣል የሚል ነው። ሎርድ ኬልቪን ያሰበው ይህን ነበር። ሁለተኛው፣ ቀስ እያለ ወደ ዜሮ ይወርዳል ይላል። ሦስተኛው፣ ብረቱ ውስጥ ባለው ባዕድ ነገር ምክንያት ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ይቆማል ይላል። እጅ ይወጣል። ብዙዎቹ ሁለተኛውን ይመርጣሉ። አንዳንዱ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ይከራከራል። እንዲከራከሩ እተዋቸዋለሁ።

ከዚያ እነግራቸዋለሁ። ኦነስ ወርቅንና ፕላቲነምን ለክቶ ነበር፤ ወርደው አንድ ቦታ ይቆማሉ። ስለዚህ ባዕድ ነገር የሌለበት ብረት ፈለገ። ሜርኩሪን መረጠ፤ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ስለሆነ ደጋግሞ እያተነኑ ማጥራት ይቻላል። ልክ እንደ አረቄ ማውጣት ነው። የሜርኩሪው ሬዚስታንስ እስከ 4.2 ኬልቪን አካባቢ በዝግታ ወረደ። ከዚያ ጠፋ። ቀስ ብሎ አይደለም፤ ገደል እንደገባ ነው የጠፋው። ሦስቱም ሥዕሎች ላይ እንዲህ ያለ ገደል የለም። ልጆቹ ይህን አይረሱም። እጅ ያወጡበት ነገር ነዋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችን የምንዘለው ይህንን ነው።

ቦርዱን በቀጥታ መስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራ «ሬዚስታንሱ ዜሮ የሆነ ተራ ብረት» ብላችሁ ጻፉ። በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር ነው። በቀኝ «ሱፐርኮንዳክተር» በሉ። ለሁለቱም ተመሳሳይ ሙከራ ሥሩ።

መጀመሪያ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ማግኔት አቅርቡ። በግራው፣ በፋራዴይ ሕግ መሠረት የማግኔት መስኩ ልግባ ሲል ብረቱ ላይ ከረንት ይነሣል። ከረንቱ አይሞትም፤ መስኩን እንደመለሰ ይኖራል። ውስጡ መስክ የለም። በቀኙም ውስጡ መስክ የለም። ልዩነት የላቸውም።

አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ማግኔቱን አቅርቡ፣ መስኩ ብረቱን ሰንጥቆ ይለፍ፣ ከዚያ አቀዝቅዙ። በግራው ምን ይሆናል? ማግኔቱ አልተንቀሳቀሰም። የተለወጠ መስክ የለም። ፋራዴይ የሚለው ነገር የለም። መስኩ እንዳለ ውስጥ ይቀራል። በቀኝስ?

በ1933 በርሊን ውስጥ ቫልተር ማይስነርና ሮበርት ኦክሰንፌልድ ይህንኑ በእርሳስ ብረትና በቆርቆሮ (በቲን) ሞከሩት። መስኩ ተገፍቶ ወጣ። ማንም ምንም ሳይነካ፣ ብረቱ ስለቀዘቀዘ ብቻ፣ ውስጡ የነበረውን የማግኔት መስክ አስወጣው።

እዚህ ጋ ዝም በሉ። ልጆቹ ያስቡበት። የፋራዴይ ሕግ ይህን አይሰጥም። ዜሮ ሬዚስታንስም አይሰጥም። ሱፐርኮንዳክተር «በጣም ጎበዝ ሽቦ» አይደለም። በየትኛውም መንገድ ብትመጣበት መጨረሻው አንድ ነው። በረዶ ከዝናብ ውኃም ይሁን ከወንዝ ውኃ ያው በረዶ እንደሆነ ማለት ነው። አዲስ የቁስ ሁኔታ ነው። ከ1911 እስከ 1933 ለ22 ዓመት ሰው ሁሉ «ፍጹም ሽቦ» መስሎት ነበር። ተማሪያችን ይህን በአንድ ሰዓት ሲሻገር የፊዚክስን አንድ ትልቅ ስሕተት አብሮ ተሻገረ ማለት ነው።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? መልሱ የመጣው በ1957 ነው። ከግኝቱ 46 ዓመት በኋላ። በመካከሉ አንስታይን በ1922 ሞክሯል፤ ሐሳቡ ትክክል አልነበረም። ሌላው ዝነኛ ፊዚሲስት ፋይንማን ዓመታት ታግሏል፤ አልተሳካለትም። ይህን ለተማሪ መናገር ደስ ይለኛል። ፊዚክስ ስላልገባው የሚሸማቀቅ ልጅ ቀና ሲል አይቻለሁ።

ከባድ የሆነበትን አንድ ምክንያት በጤፍ ነው የማስረዳው። ብረት ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ያለው ኃይል ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ኤሌክትሮን ቮልት በአተም ደረጃ የምንሠራበት የኃይል መለኪያ ነው። ብረቱ ሱፐርኮንዳክተር በመሆኑ የሚያተርፈው ደግሞ፣ ለአንድ ኤሌክትሮን ሲካፈል፣ በግምት ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት መቶ ሚሊዮንኛው ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፍሬ አለ። ኩንታሉን መዝኖ አንዲት ፍሬ መጉደሏን ማወቅ እንደማለት ነው።

ፍንጩ የመጣው በ1950 ነው። ሜርኩሪ የተለያየ ክብደት ያላቸው አይሶቶፖች አሉት። ኤሌክትሮኖቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነቱ ኒውክለሱ ውስጥ ያለው የኒውትሮን ብዛት ነው። ከባዱ ሜርኩሪ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት ላይ ሆኖ ተገኘ። ሙቀቱ የሚቀንሰው በክብደቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ተማሪውን «ይህን ስኩዌር ሩት የት አየኸው?» በሉት። ስፕሪንግ ላይ ክብደት ሰቅሎ ውዝዋዜ ቆጥሯል እኮ! ክብደቱ ሲጨምር ፍሪኩዌንሲው በስኩዌር ሩት ይቀንሳል። ልጁ ራሱ ነው የሚለው፦ «አተሞቹ ይወዛወዛሉ ማለት ነው?» አዎ። የአተሞቹ ውዝዋዜ ነገሩ ውስጥ እጁ አለበት።

ቀጥሎ ያለው ሥዕል በየመጽሐፉ አለ። ኤሌክትሮን ሲያልፍ ፖዘቲቭ አዮኖቹን (ኤሌክትሮን የለቀቁትን አተሞች) ወደ ራሱ ይስባል፣ ሁለተኛው ኤሌክትሮን በዚያ ተስቦ ይከተለዋል። ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ ሁለት ሰዎች ተደርጎም ይሣላል። ይህን ሥዕል አልወደውም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያደርጋቸዋል። ጎበዝ ተማሪ ወዲያው «ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸው፣ አይገፋፉም?» ይላል። ልክ ነው፣ ይገፋፋሉ።

እኔ በፒስታ መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ነው የምሥለው። መኪናው ያልፋል፣ አቧራው የሚነሣው ከኋላው ነው። መኪናው ርቆ ሄዶም አቧራው ገና አየር ላይ ነው። ኤሌክትሮን በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሜትር ያህል ይሮጣል። አዮኖቹ ከባድ ስለሆኑ ለመሰባሰብ ሰከንድ ለአሥር ትሪሊዮን ሲካፈል የሚገኘውን ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል። አባዙት። መቶ ናኖ ሜትር ይመጣል። በሦስት መቶ አተሞች ርቀት ግድም ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ኤሌክትሮን የሚያገኘው መኪናውን አይደለም፤ አቧራውን ነው። በዚያ ርቀት ላይ መገፋፋቱ ተዳክሟል። የተሰባሰበው ፖዘቲቭ ቻርጅ ግን ገና አልተበተነም። ልጆቹ ማባዛቷን ራሳቸው ይሥሯት። አንድ መስመር ናት፣ ግን ትልቅ መስመር ናት።

ከዚህ አንድ የሚገርም ነገር ይወጣል። ወርቅ፣ ብርና መዳብ ሱፐርኮንዳክተር ሲሆኑ አልታዩም። ምርጥ አስተላላፊዎቹ! ለምን? ኤሌክትሮኖቻቸው ከአተሞቹ ውዝዋዜ ጋር ብዙም ስለማይነካኩ ነው። በክፍል ሙቀት ይህ ጥሩ ነው፣ ግጭት ይቀንሳል። በቅዝቃዜ ግን አቧራው አይነሣም። እርሳስ በክፍል ሙቀት ደካማ አስተላላፊ ነው፤ በ7.2 ኬልቪን ግን ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። በሙቀት ጊዜ የሚያደናቅፈው ነገር ነው በቅዝቃዜ ጊዜ የሚያጣምረው።

በ1956 ሊዮን ኩፐር፣ መሳሳቡ የፈለገውን ያህል ደካማ ቢሆን ሁለት ኤሌክትሮኖች በብረት ውስጥ መጣመር እንደሚችሉ በሒሳብ አሳየ። በዓመቱ ከጆን ባርዲንና ከሮበርት ሽሪፈር ጋር በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቲዎሪውን አጠናቀቁ። ሽሪፈር ያን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ቁልፉን ቀመር የጻፈው ኒውዮርክ ውስጥ በምድር ውስጥ ባቡር ሲሄድ ነው። በ1972 ሦስቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ሙሉውን ሒሳብ ለጀማሪ አላሳይም። አንድ ፈንክሽን ግን አሳያለሁ። ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። ኦይለር ቁጥርን፣ 2.718ን፣ በኔጋቲቭ አንድ ሲካፈል ለኤክስ ከፍ ማድረግ ነው። ኤክስ የመሳሳቡ ጥንካሬ ነው። ካልኩሌተራችሁን አውጡ እላቸዋለሁ። ኤክስ 0.1 ሲሆን 0.000045 ይወጣል። 0.2 ሲሆን 0.0067። 0.3 ሲሆን 0.036። ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት ሙቀት ይህ ቁጥር በአተሞቹ ውዝዋዜ መለኪያ ሙቀት ሲባዛ ነው፤ በጥቅሉ 300 ኬልቪን እንበለው። ለ0.3 ወደ 11 ኬልቪን፣ ለ0.2 ሁለት ኬልቪን፣ ለ0.1 ደግሞ 0.014 ኬልቪን ይመጣል። መሳሳቡ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ 150 ጊዜ ያህል ወረደ። አሉሚኒየም 1.2፣ ኒዮቢየም 9.3 የሆነው፣ መዳብ ደግሞ ያልታየው ለምን እንደሆነ ልጁ በጣቱ ነክቶ ያየዋል።

አሁን ካልኩለስ አንድን አምጡ። ይህን ፈንክሽን በዜሮ አጠገብ በቴይለር ተከታታይ ዘርዝሩት። የመጀመሪያው ደሪቬቲቭ ዜሮ። ሁለተኛው ዜሮ። ሦስተኛው ዜሮ። እስከ መቼም ዜሮ። ፈንክሽኑ ግን ዜሮ አይደለም! «ትንሽ መሳሳብ እንጨምርና ደረጃ በደረጃ እናሰላ» ብሎ የተነሣ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢያሰላ የሚያገኘው ዜሮ ነው። በጣም ብዙ ጎበዝ ሰዎች የወደቁት እዚህ ጋ ነው። ኩፐርና ጓደኞቹ ከተራው ብረት ተነሥተው ቀስ በቀስ አልሄዱም፤ የጥንዶቹን ሁኔታ ከመጀመሪያው ገምተው ጀመሩ። አንድ ተማሪ ይህን ካየ በኋላ ደብተሩን አንገት ደፍቶ ሲያይ ቆይቶ «ታዲያ ቴይለር ዋሸን?» አለኝ። አልዋሸም። ከዜሮ ላይ ሆኖ የማይታይ ነገር ስላለ ነው።

ከጥንዱ ወደ ዜሮ ሬዚስታንስ እንዴት እንደርሳለን? ብዙ ጊዜ በዋጋ እናስረዳለን። ጥንድ ለመለያየት ቢያንስ መቶ ብር ያስፈልጋል፣ በ4 ኬልቪን ግን ሙቀቱ ኪስ ውስጥ ያለው ጥቂት ብር ብቻ ነው እንላለን። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን አይበቃም። ብርጭቆም እንዲህ ያለ የኃይል ክፍተት አለው፣ ግን ጭራሽ አያስተላልፍም። የቀረው ነገር ኅብረት ነው። ጥንዶቹ እጅግ ትልቅ ስለሆኑ አንዱ ጥንድ ባለበት ቦታ ሚሊዮን ሌሎች ጥንዶች ተደራርበዋል። ሁሉም በአንድ የሞገድ ምት ነው የሚሄዱት። በንግሥ ቀን ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ አይታችኋል? ሁሉም አብሮ ወደ ቀኝ፣ ሁሉም አብሮ ወደ ግራ። ከመካከል አንዱን ብቻ ማስቆም አይሆንም። አንድን ጥንድ ለማስቆም ሁሉንም ማስቆም ነው፤ አንድ የቆሸሸ አተም ይህን አይችልም።

የምቱ ማስረጃ ደግሞ አለ። ከሱፐርኮንዳክተር ቀለበት ሥሩ። ምቱ ዞሮ ሲመለስ ከራሱ ጋር መግጠም አለበት። ስለዚህ በቀለበቱ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ፍሰት በቁና እየተሰፈረ ነው የሚገባው። በ1961 አሜሪካና ጀርመን ውስጥ ሁለት ቡድኖች ቁናውን ለኩት። 2.07 × 10⁻¹⁵ ዌበር ሆነ። የፕላንክ ቁጥር (የኳንተም ፊዚክስ መሠረታዊ ቁጥር) በኤሌክትሮን ቻርጅ ሲካፈል ከሚገኘው ግማሽ ነው። ያ «ግማሽ» ነው ጥንዱ። በቀለበቱ የሚዞሩት ሁለት ሁለት ሆነው እንደሆነ በዓይን ያየን ያህል ነው።

በመጨረሻ ስለ ሠርቶ ማሳያው። ፈሳሽ ናይትሮጅን የት ይገኛል ትሉኛላችሁ። የከብት ማዳቀያ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የሚያኖሩት በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። እኔ ሁለት ሊትር የለመንኩት ከእነሱ ነው። በደስታ ነው የሰጡኝ። መስኮት ክፈቱ፤ ናይትሮጅን የክፍሉን ኦክስጅን ያሳጣል። መነጽርና ወፍራም ጓንት አይቅር።

ከውጭ የመጣልኝ ጥቁር ክብ ነገር አለኝ፤ ከአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ ይበልጣል። የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ ነው። በ1987 የተገኘ ሲሆን 92 ኬልቪን ግድም ላይ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ናይትሮጅን ደግሞ በ77 ይፈላል። የፎም ዕቃ ውስጥ አስቀምጬው ናይትሮጅኑን ሳፈስበት ችስስ ይላል፣ ጭሱ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። ጩኸቱ ሲበርድ ከተሰበረ የጆሮ ማዳመጫ ያወጣሁትን ትንሽ ማግኔት በፕላስቲክ መቆንጠጫ አስቀምጥበታለሁ። አየር ላይ ይቆማል። በጣት ሲነኩት ይሽከረከራል፣ ግን አይሸሽም።

አንድ ነገር አደራ። «ይኸው የማይስነር ውጤት» ብላችሁ አትለፉ። ቦርዱ ላይ የከፈልነው ሠንጠረዥ ለንጹሕ እርሳስና ለቆርቆሮ ነው። ይህ ጥቁር ነገር ሁለተኛው ዓይነት ሱፐርኮንዳክተር ነው። የማግኔት መስኩን በሙሉ አያስወጣም፤ በቀጫጭን ክሮች ያስገባና ቆንጥጦ ይይዛቸዋል። ማግኔቱ ወደ ጎን የማይንሸራተተው ለዚህ ነው። ሠንጠረዡ ገና ካልጠፋ ጎበዝ ተማሪ ይህን ይይዛችኋል።

ባለፈው ያደረግኩት ጊዜ ማግኔቱ ቀስ እያለ ወርዶ ጥቁሩ ነገር ላይ ሲያርፍ አብዛኛው ልጅ ወጥቶ ነበር። አንድ ልጅ ቀረ። ጎንበስ ብሎ ያየዋል።

«መምህር፣ እዚህኛው ውስጥስ የሚያጣምራቸው ያው አቧራው ነው?»

«ጥንዶች መኖራቸውን እናውቃለን። አቧራው ብቻውን ግን ይህን ሙቀት አይሸከምም» አልኩት። «ምን እንደሚያጣምራቸው ሁሉም የተስማማበት መልስ እስካሁን የለም።»

ደብተሩን አውጥቶ ጥያቄውን ጻፈ። ዕቃውን አብረን አነሣን።